ስሚንቶ በስሙ ብቻ አይመረጥ

የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ደጃፍ ቆሞ «የቱ ስሚንቶ ይሻላል?» ብሎ የጠየቀ ሰው መልስ አያጣም። አንዱ በሙገር ይምላል፣ ሌላው በደርባ፣ ሦስተኛው ከዳንጎቴ ወይም ከመሰቦ ወዲያ ላሳር ይላል። ማስረጃ አምጡ ቢባሉ ግን ሁሉም ዝም ነው።

ከፋብሪካው ስም በፊት የስሚንቶው ዓይነት ሊጠየቅ ይገባል። ኦፒሲ (ተራ ፖርትላንድ ስሚንቶ) ከሞላ ጎደል ክሊንከር፣ ማለትም በምድጃ ተቃጥሎ የወጣ የኖራ ድንጋይና ሸክላ ነው፤ ፒፒሲ (ፖዞላና ያለበት ፖርትላንድ ስሚንቶ) ውስጥ ግን እንደ ፑሚስ ያለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አብሮ ይፈጫል። ፒፒሲ ለልስንና ለግንብ ይስማማል፤ ለኮለንና ለቢም አይሆንም ማለት ባይሆንም የሚጠነክረው ቀስ ብሎ ስለሆነ ጊዜ ይፈልጋል። በፒፒሲ ሞልቶ በኦፒሲ ቀን ፎርምወርክ የሚፈታ ተቋራጭ፣ ሥራው ሲሰነጠቅበት ፋብሪካውን ይረግማል። ጥፋቱ ግን የራሱ ነው።

ከረጢቱ ላይ 32.5 ወይም 42.5 ተብሎ የሚጻፈውም ለጌጥ አይደለም። ስሚንቶው በላቦራቶሪ ከመደበኛ አሸዋ ጋር ተቦክቶ በ28ኛው ቀን ሊሸከመው የሚገባው ዝቅተኛ ጫና ነው፤ መለኪያውም ሜጋፓስካል ነው። ሁለት ፋብሪካዎችን ማወዳደር የፈለገ አንድ ዓይነትና አንድ ደረጃ ያለውን ስሚንቶ ይውሰድ። በአንድ አሸዋ፣ በአንድ ጠጠር፣ በእኩል ውሃ አቡክቶ ኪዩብ ይሙላ፤ 28 ቀን ጠብቆም በማሽን ያሰብረው። ከዚህ ውጭ ያለው የሰፈር ወሬ ነው።

ሳይት ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሙሌቱ እንዲቀለው አንድ ባልዲ ውሃ የሚጨምር ሠራተኛ የ42.5ን ጥቅም እዚያው ያጠፋዋል። መሬት ላይ ተደርድሮ ክረምቱን ያሳለፈ፣ በጣት ሲጫኑት የማይፈርስ ጓል የያዘ ስሚንቶም ከየትም ይምጣ ለኮለን አይውልም።

የስሚንቶ እጥረት በነበረባቸው ዓመታት የተገኘውን መግዛት ግድ ነበር። የለሚ ስሚንቶ ፋብሪካ በመስከረም 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ግን የገዢው ምርጫ ሰፍቷል፤ ለመምረጥ ደግሞ መረጃ ያስፈልጋል። ስሚንቶ አስገዳጅ ደረጃ የወጣለት ምርት ሆኖ ሳለ የፍተሻው ውጤት ሱቅ በር ላይ ለቆመው ሰው ሲደርስ አናይም።

ስለዚህ የንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር የየፋብሪካውን የ28 ቀን ውጤት በየሦስት ወሩ ይፋ ያድርግ። ፋብሪካዎችም የምርት ቀኑን በማይለቅ ቀለም፣ በጉልህ ያትሙ። ገዢም ገንዘብ ከመቁጠሩ በፊት ከረጢቱን ገልብጦ ዓይነቱን፣ ደረጃውንና ቀኑን ይመልከት።