ከ30 ወደ 32፦ አዲሱ ክለብ ገንዘብ ወዳለበት ወይስ ሕዝብ ወዳለበት?

የአሜሪካው ሜጀር ሊግ ቤዝቦል 30 ክለቦች አሉት። ለመጨረሻ ጊዜ አዲስ የተቀበለው በ1998 ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፤ ያኔ አሪዞናና ታምፓ ቤይ ገቡ። ኮሚሽነሩ ሮብ ማንፍሬድ በጥር 2029 ሥራቸውን ከማስረከባቸው በፊት ሁለት አዳዲስ ከተሞች ተመርጠው ማየት እንደሚሹ ደጋግመው ተናግረዋል። ናሽቪል፣ ሶልት ሌክ ሲቲ፣ ፖርትላንድ፣ ሻርለት፣ ራሌይ፣ ኦርላንዶ፣ ሞንትሪያል ሁሉም ስማቸው ይነሳል። ክለብ ተሸክማ የምትዘልቀው የትኛዋ ናት? አንድ የሲያትል ነዋሪና አንዲት የሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነዋሪ ይሟገታሉ።

መጀመሪያ ሜዳው ይታይ
*(ከሲያትል)*

በደቡብ ሲያትል ሬኒየር አቬኑን ይዞ የሚወርድ አበሻ ምግብ ቤቱንም የማኅበረሰባችንንም ማዕከል ያውቃል። በዚሁ ጎዳና ዳር አንድ የሜጀር ሊግ ክለብ ተወልዶ በዓመቱ መሞቱን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ስሙ ሲያትል ፓይለትስ ነበር። ሊጉ በ1969 አራት ክለቦች ሲጨምር ከሞንትሪያል፣ ከሳን ዲዬጎና ከካንሳስ ሲቲ ጋር አብሮ ገባ። የተሰጠው ሜዳ፣ ሲክስ ስታዲየም፣ ለታችኛው ሊግ የተሠራ አሮጌ ሜዳ ነው። አስፋፍተን እናደርሳለን ተባለ፤ አልደረሰም። በመክፈቻው ቀን ቲኬት የቆረጠ ሰው ቆሞ ሠራተኞቹ ወንበሩን ይገጥሙለት ነበር። ተመልካች በዛ ባለ ቀን ደግሞ የውኃው ግፊት ስለሚወርድ መጸዳጃ ቤቱ ሥራ ያቆማል። ባለቤቶቹም አቅም አልነበራቸውም። አንድ የውድድር ዘመን እንደጨረሱ ዕዳ አሰመጣቸው፤ በ1970 ክለቡ ኪሳራ አውጆ፣ ኋላ ኮሚሽነር የሆኑት ባድ ሲሊግ ገዝተው ወደ ሚልዋኪ ወሰዱት።

ሚልዋኪ እስከ ዛሬ አልለቀቀችውም። ከሊጉ ከተሞች በሕዝብ ትንሿ እሷ ናት፤ አካባቢዋ ሁሉ ተደምሮ 1.6 ሚሊዮን ሰው ገደማ ነው። ቢሆንም በ2024 ወደ ስታዲየሙ 2.5 ሚሊዮን ገደማ ተመልካች ገብቷል። ምስጢር የለውም። ጣሪያው የሚከፈትና የሚዘጋ ስታዲየም በ2001 ተሠራ፤ ስለዚህ ከሦስት ሰዓት መንገድ የሚመጣ ሰው ዝናብ ጨዋታውን ይሰርዝብኛል ብሎ አይሰጋም። መኪና ማቆሚያው ሰፊ ስለሆነ ደጋፊው ከጨዋታው በፊት እዚያው ሥጋውን ይጠብሳል። ባለቤቱም ክለቡን ከያዘ ሃያ ዓመት አልፎታል።

እንግዲህ የእኔ ሙግት ይህ ነው፦ ክለብን የሚያኖረው በካርታ ላይ የተቆጠረ ሕዝብ ሳይሆን ሜዳና የማይሸሽ ባለቤት ነው። በዚህ ሚዛን ከእጩዎቹ ሁሉ ቀድማ የምትደፋው ሶልት ሌክ ሲቲ ናት። የሚለር ቤተሰብ የዩታ ጃዝን የቅርጫት ኳስ ክለብ ከ1980ዎቹ አጋማሽ እስከ 2020 በእጁ ይዞ ከዚያች ከተማ ንቅንቅ አላደረገም፤ የቤዝቦሉን ጥያቄ የሚመራውም እሱ ነው። መሬቱ ከመሀል ከተማ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው በኖርዝ ቴምፕል ጎዳና ላይ ተዘጋጅቷል። የዩታ ክልል ምክር ቤትም ክለብ ከተገኘ ለስታዲየም እስከ 900 ሚሊዮን ዶላር ማውጣት የሚያስችል ሕግ በ2024 አጽድቋል። በዚያው ዓመት የሆኪ ክለብ ከአሪዞና ተነሥቶ ሲመጣ ከተማዋ በጥቂት ወራት ውስጥ አስተናግዳዋለች።

ዋጋውንም አንርሳ። በ1998 የገቡት ክለቦች ለመግቢያ የከፈሉት እያንዳንዳቸው 130 ሚሊዮን ዶላር ነው። አሁን የሚነገረው ከ2 ቢሊዮን በላይ ነው። የስታዲየሙ ወጪ ገና አልተነካም። በዚያ ላይ የቴሌቪዥኑ ገንዘብ ተናግቷል፤ የብዙ ክለቦችን ጨዋታ ያስተላልፍ የነበረው ዳይመንድ ስፖርትስ በ2023 ወደ ኪሳራ ፍርድ ቤት ገብቷል። በዚህ ዘመን «እንወዳችኋለን» የምትል ከተማ ሳትሆን «ይኸው ቼኩ» የምትል ናት የምትፈለገው።

ሁለተኛውን ወንበር ለናሽቪል እሰጣለሁ። ቁርጥ ያለ መሬት እንደሌላት አውቃለሁ፤ ግን ከተማዋ በየዓመቱ እያደገች ነው፣ ቴነሲ ከደመወዝ ላይ የክልል የገቢ ግብር ስለማትቆርጥ ተጫዋች አይሸሻትም፣ በቅርብ ያለው ክለብ አትላንታ ደግሞ አራት ሰዓት ያህል ያስነዳል። ሞንትሪያል ጥሩ ከተማ ናት። የኦሊምፒክ ስታዲየሟን ዕዳ ግን ከፍላ የጨረሰችው ውድድሩ ካለፈ ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ2006 ነው። ገቢዋ በካናዳ ዶላር፣ የተጫዋቹ ደመወዝ በአሜሪካ ዶላር። ልዩነቱን ማን ይሸፍናል?

ባዶ ወንበር ቼክ አይጽፍም
*(ከሲልቨር ስፕሪንግ)*

ጋሼ፣ የፓይለትስን ታሪክ ሲያወጉን ግማሹን ዋጡት። ሲያትል ተበደልኩ ብላ ሊጉን ፍርድ ቤት ገተረችው፤ በ1977 ማሪነርስ ተሰጣት። እነዚያው ማሪነርስ በ2001 116 ጨዋታ አሸንፈው፣ ከ3.5 ሚሊዮን የሚበልጥ ተመልካች ሜዳ አስገብተዋል። ክለብ አቅቷት የነበረችው ያቺው ከተማ ናት።

ሚልዋኪም ብትሆን ከእርስዎ ፓይለትስ በፊት ብሬቭስ የሚባል ክለብ ነበራት፤ ከ1965 በኋላ ወደ አትላንታ አመለጣት። ካንሳስ ሲቲ አትሌቲክስን ወደ ኦክላንድ ሸኝታ በዓመቱ ሮያልስን ተቀበለች። እኔ አጠገቧ የምኖረው ዋሽንግተንማ ሁለት ጊዜ ነው የተከዳችው፤ አንዱ ክለብ ወደ ሚኒሶታ፣ አንዱ ወደ ቴክሳስ። ሦስተኛው፣ ናሽናልስ፣ በ2005 መጣላትና በ2019 የወርልድ ሲሪስ ዋንጫ አነሣች። ሊጉ ክለብ ያጣች ከተማን ይቅር ሲል የኖረ ነው። ከሞንትሪያል ጋር ብቻ ነው የተኳረፈው።

የኛ ናሽናልስ ማለት እኮ ከሞንትሪያል ተነሥቶ የመጣው ኤክስፖስ ነው። ናሽናልስ ፓርክ ውስጥ በክብር ከተሰቀሉት ስሞች መካከል ጋሪ ካርተርና አንድሬ ዶውሰን አሉበት፤ አንዳቸውም ለዋሽንግተን አልተጫወቱም። ጨዋታ ሲያልቅ ከስታዲየሙ አጠገብ፣ ኔቪ ያርድ ላይ ተሳፋሪ የሚጠብቀው ሹፌር ብዙ ጊዜ የኛው ሰው ነው፤ ዛሬ የገባው አሥራ አምስት ሺህ ይሁን አርባ ሺህ ከስታዲየሙ ሰሌዳ ቀድሞ እሱ ይነግርዎታል። እሱ የተሰቀሉት ስሞች የማን እንደሆኑ ግድ የለውም፤ ለእኔ ግን የዚህ ሙግት ማስረጃ ናቸው።

ኤክስፖስን ደጋፊ ማጣት ገደለው ይባላል። ቁጥሩ እንዲህ አይልም። በ1979፣ በ1980፣ በ1982 እና በ1983 በየዓመቱ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ገብቷል፤ በመካከል ያለው 1981 ሥራ ማቆም አድማ የቆረጠው ዓመት ነው። በ1994 ክለቡ 74 አሸንፎ 40 ተሸንፎ የሊጉ ቁንጮ ላይ ሳለ ሌላ አድማ መጣና ዘመኑ ሳያልቅ ተዘጋ። በማግስቱ ዓመት ባለቤቶቹ ላሪ ዎከርን፣ ማርኪስ ግሪሶምን፣ ጆን ዌትላንድን፣ ኬን ሂልን ሁሉንም በተኗቸው። በ2000 ጨዋታውን በእንግሊዝኛ የሚያስተላልፍ ቴሌቪዥን አልነበረም፤ በ2002 ሊጉ ራሱ ክለቡን ወረሰው፤ በ2003 እና በ2004 «የሜዳችን ጨዋታ» የሚባሉትን ከፊሎቹን ሳን ሁዋን፣ ፖርቶ ሪኮ ወስደው አጫወቱት። እንዲህ የተደረገበት ክለብ ሚልዋኪ ውስጥም አይኖርም ነበር። በ2014 ቶሮንቶ ብሉ ጄይስ ለሙከራ ግጥሚያ ወደዚያ ቢመጡ፣ ክለብ የሌላት የቤዝቦል ከተማ በሁለት ቀን 96 ሺህ ያህል ሰው አወጣች።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ቤዝቦል የእሑድ ከሰዓት ስፖርት አይደለም። በራስ ሜዳ 81 ጨዋታ አለ፤ አብዛኛው ማታ ነው፤ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ትምህርት ቤት ባልተዘጋበት በሚያዝያ ሳይቀር። በጨዋታ 25 ሺህ ሰው ይግባ ብንል በዓመት 2 ሚሊዮን ቲኬት ነው። ቴሌቪዥኑ ተናግቷል ያሉት እውነት ነው፣ ግን ነገሩ ለእኔ ነው የሚመሰክረው፤ የቴሌቪዥን ገንዘብ ሲቀንስ የሚቀረው የበር ገንዘብ ነው። ከሥራ ወጥቶ በባቡር ደርሶ፣ ተመልክቶ፣ ለነገ የሚነሣ ሰው ነው የሚያስፈልገው። ሞንትሪያል ከአካባቢዋ ጋር ከ4 ሚሊዮን በላይ ሕዝብና የምድር ውስጥ ባቡር አላት። ሶልት ሌክ ከአካባቢዋ ጋር 1.3 ሚሊዮን ገደማ ናት፤ ኦግደንንና ፕሮቮን ጨምረን ብንቆጥር ነው እጥፍ የምትሆነው። ያንኑ ኪስ ደግሞ ጃዝ፣ ሆኪው፣ የእግር ኳሱ ክለብና የዩኒቨርሲቲዎቹ ፉትቦል ይሻሙታል።

እሑድስ? ዩታ ውስጥ በሰንበት ስታዲየም የማይገባ ምእመን ብዙ ነው። ላሪ ሚለር ራሳቸው፣ ክለቡ የእሳቸው ሆኖ ሳለ፣ እሑድ የጃዝን ጨዋታ አይመለከቱም ነበር። ቅርጫት ኳስ እሑዱን ሊሸሽ ይችላል፤ ቤዝቦል ግን የስድስት ወር እሑዶችን ሁሉ መሸሽ አይችልም።

ይቅርታ ወይስ ኮንክሪት?
*(የሲያትል መልስ)*

ልጄ፣ ይቅር ተባሉ ያልሻቸው ከተሞች ሁሉ በምን እጅ እንደመጡ ተመልከቺ። ሲያትል በ1977 ስትመለስ ኪንግዶም የሚባለው ባለ ጣሪያ ስታዲየም ቆሞ ነበር፤ ሕዝቡ በ1968 ድምፅ ሰጥቶ የተሠራ ነው። ዋሽንግተን ናሽናልስን ያገኘችው ከተማዋ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር የሕዝብ ገንዘብ ለስታዲየም ለማውጣት ከተስማማች በኋላ ነው። ይቅርታ ሳይሆን ኮንክሪት ነው የመለሳቸው። ሞንትሪያል ምን ይዛ ትምጣ? የኦሊምፒክ ስታዲየሙ ጣሪያ ብቻ 870 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ሊበላ ነው፣ የቤዝቦል ቤት ግን አያደርገውም።

ሕዝብ ብቻ ቢበቃ ታምፓ ቤይ በየማታው ሞልታ ባየናት ነበር፤ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰው አላት፣ ስታዲየሟ ግን ከሊጉ ባዶ ከሚሆኑት አንዱ ሆኖ ኖሯል። የእሑዱንም ነገር አጋነንሽው፤ ሶልት ሌክ ካውንቲ ውስጥ የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ዛሬ ከነዋሪው ግማሽ አይሞሉም። የቀረው ሕዝብ እሑድ ምን ይሠራል ብለሽ ታስቢያለሽ?

ቼኩን የያዘው ሰው ነበረ
*(የሲልቨር ስፕሪንግ መልስ)*

ታምፓን ባያነሡት ይሻልዎት ነበር ጋሼ። እዚያ ሕዝቡ በአንድ ዳርቻ ነው፣ ስታዲየሙ ሴንት ፒተርስበርግ፣ በድልድይ ማዶ ነው። ማክሰኞ ማታ ያንን ድልድይ ተሻግሮ መመለስ የሚወድ ሰው ጥቂት ነው። እኔ ያልኩትም ከሕዝቡ አጠገብ ይሁን ነው።

ሶልት ሌክን ግን አልከለክልዎትም። ሊጉ አንዱን ወንበር ለምዕራብ ይሰጣል ተብሎ ነው የሚታሰበው፤ ፖርትላንድም ከኦሪገን ምክር ቤት በ2025 ለስታዲየም እስከ 800 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ፈቃድ አግኝታ ከኋላ እየተከተለች ነው፣ እሷን ካላመኑ ሚለሮችን ይውሰዱ። የምሥራቁ ወንበር ላይ ነው የምንጣላው። ናሽቪል ከክልሉ ጋር ሆና ለአሜሪካ ፉትቦል ክለቧ አዲስ ስታዲየም 1.26 ቢሊዮን ዶላር የሕዝብ ገንዘብ ገና እየከፈለች ነው። ለቤዝቦል ሌላ ቢሊዮን ከየት ልታመጣ ነው? መሬቱስ የት ነው? እርስዎ ራስዎ «መጀመሪያ ሜዳው ይታይ» ብለው ጀምረው፣ ሜዳ የሌላትን ከተማ ሁለተኛ አደረጉ።

ሞንትሪያል ውስጥ ደግሞ ቼክ የያዘ ሰው ነበረ። ስቲቨን ብሮንፍማን፣ የመጀመሪያው የኤክስፖስ ባለቤት የቻርልስ ብሮንፍማን ልጅ፣ ከመሀል ከተማ በማይርቀው በፔል ቤዚን አካባቢ አዲስ ስታዲየም ሊሠራ ዓመታት ደክሟል። በእቅዱ ክለቡ የታምፓ ቤይ ሬይስ ሆኖ የዓመቱን ግማሽ ፍሎሪዳ፣ ግማሹን ሞንትሪያል ሊጫወት ነበር። ሊጉ በ2019 እንዲጠና ፈቀደ፣ በጥር 2022 ግን በሩን ዘጋው። ሙሉ ክለብ ለአዲስ ከተማ ገና ስላልቀረበ፣ የሞንትሪያል ክልል ኩቤክ እንደ ዩታ ሕግ አላወጣችም ብሎ መክሰስ ጊዜው አይደለም። መጀመሪያ ሙሉው ይቅረብ። ብሮንፍማንም ሌላ ባለሀብትም ከከተማዋ ብቅ ብሎ አልችልም ካለ፣ ያኔ ናሽቪልን ይዘው ይግቡ፤ አልከራከርም።