የነፋስ መውጫ ዝናብ ስማዳ ላይ አይዘንብም

ጋዜጠኝነት ተምረን የወጣን ልጆች ስለ ኮምፒውተር ክላስተር ምን አገባን? አገባን እንጂ! ዩኒቨርሲቲ እያለን አንድ ጥያቄ ጆሯችን ላይ ሲንቆረቆር ኖሯል፤ «ይህን ማን ነገረህ?» የሚል፡፡ ሰው ሲናገር እንጠይቃለን፡፡ ቁጥሩን የሰጠን ኮምፒውተር ከሆነ ግን አፋችንን ዘግተን እንጽፋለን፡፡ የዛሬው ጸባችን ከዚህ ልማድ ጋር ነው፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ አንድ ጓደኛችን ስሙን በማንጠቅሰው ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ጥናቱን ሲሠራ የላይ ጋይንትን ዝናብ ከሳተላይት መረጃ የሚያሰላ ስክሪፕት ጻፈ፡፡ ሥራው የሚሄደው ክላስተር ላይ ነው፡፡ ክላስተር ማለት በኔትወርክ ተሳስረው አብረው የሚሠሩ ብዙ ኮምፒውተሮች ናቸው፡፡ ሥራህን ጽፈህ ትልካለህ፣ ወረፋ ይያዝልሃል፣ ተራህ ሲደርስ አንተ ተኝተህ ይሠራልሃል፡፡ ባች ጆብ የሚሉት ይህንን ነው፡፡

ላይ ጋይንት አለቀ፡፡ ቀጥሎ ስማዳ፡፡ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ፋይሉን ኮፒ አደረገ፣ ርዕሱን «ስማዳ» ብሎ ቀየረ፣ ላከ፡፡ ኮዱ ሆድ ውስጥ የተቀበረውን የነፋስ መውጫን ኬክሮስና ኬንትሮስ ግን ረሳው፡፡ ግራፉ አምሮ ወጣ፡፡ አማካሪው ሁለቱ ግራፎች መንትያ መሆናቸውን ባያይ ኖሮ ጥናቱ ታትሞ፣ ተጠርዞ፣ መደርደሪያ ላይ ነበር፡፡ እኛም ጠቅሰነው ነበር!

ነፋስ መውጫ ከጉና ተራራ አጠገብ፣ ከ3000 ሜትር በላይ የተቀመጠች ብርዳም ከተማ ናት፡፡ ስማዳ ግን እስከ በሽሎ በረሃ ድረስ ይወርዳል፡፡ ላይ ጋይንት ብቻውን እንኳ ገብስና ድንች የሚበቅልበት ደጋም፣ ማሽላ የሚዘራበት ቆላም አለው፡፡ ለአንድ ወረዳ አንድ ቁጥር መስጠት ራሱ ድፍረት ነው፡፡ የአንዱን ወረዳ ቁጥር ለሌላው መስጠትማ ምን ይባላል?

«ልጁ ዝርክርክ ስለሆነ ነው» ትሉ ይሆናል፡፡ አይደለም፡፡ ዝርክርኩ አሠራሩ ነው፡፡ ቁጥር ኮድ ውስጥ የቀበረ ሰው አንድ ቀን መርሳቱ አይቀርም፡፡ ሌሎች ደግሞ «ሱፐር ኮምፒውተር ቢገዛልን» ይላሉ፡፡ ይገዛ! ፈጣን ማሽን የተሳሳተ ቁጥር በፍጥነት ከማምረት ሌላ ምን ያደርግልናል?

መድኃኒቱ ውድ አይደለም፡፡ ስክሪፕቱ አንድ ጊዜ ይጻፍ፤ ወረዳው፣ ዓመቱ፣ ሰብሉና የዘር ወቅቱ ከውጭ ይግቡ፡፡ ስለርም የሚባለው ወረፋ አስያዥ ሶፍትዌር ይህን በነጻ ይሰጣል፡፡ ግብዓቶቹን በአንድ ፋይል በየመስመሩ ትደረድራለህ፤ «አሬይ» በሚባለው ትእዛዝ ለእያንዳንዱ ሥራ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ስክሪፕቱ በቁጥሩ የራሱን መስመር አንብቦ ይሠራል፡፡ ቺርፕስ የሚባለው የዝናብ መረጃ እ.ኤ.አ. ከ1981 ይጀምራል፡፡ እስከ 2024 ድረስ 44 ዓመት ነው፡፡ ለላይ ጋይንት፣ ለታች ጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ 176 ሥራ በአንድ ትእዛዝ ይላካል ማለት ነው፡፡ ኮፒ የለ፣ መርሳት የለ፡፡

ሁለት ነገር ግን መጨመር አለበት፡፡ አንደኛ፣ ግብዓት ከጎደለ ሥራው ይቁም፤ ዝም ብሎ የትናንቱን ወረዳ አይውሰድ፡፡ ሁለተኛ፣ በምን ግብዓት እንደተሠራ ከውጤቱ ጋር ይጻፍ፡፡ የወረዳው ወሰን ሳይቀር ግብዓት ይሁን፤ ወሰን ይቀየራላ! እስቴ ምሥራቅና ምዕራብ ተብሎ ተከፍሎ አልነበር?

ይህን «የፈረንጅ ነገር» የምትሉ ደግሞ ጋይንትን አታውቁትም፡፡ የድጓ ምስክር ቤቷ ቤተልሔም ያለችው እዚያው ነው፡፡ በዓላትና አጽዋማት የሚወጡበትን ባሕረ ሐሳብን እዩት፡፡ ደንቡ አይነካም፤ የሚቀየረው ዓመቱ ብቻ ነው፡፡ 2018 ዓ.ም.ን አስገቡ፡፡ 5500 ሲደመር ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል፡፡ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው፡፡ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 12፤ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 18፡፡ ሁለቱ ሲደመሩ 30 ካልመጡ ተሳስተሃልና ተመለስ! መቆጣጠሪያው ደንቡ ውስጥ አለ፡፡ የቆሎ ተማሪ በቃሉ የሚያደርገውን እኛ በሺህ ፕሮሰሰር አቃተን?

ነገሩ የተማሪ ወረቀት ብቻ ቢሆን ኖሮ ስቀን እናልፈው ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ ላይ የዋለው ሊፕ የተባለው የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሶፍትዌር የዝናብ መረጃ ገብቶበት የእርዳታ ፈላጊውን ብዛት የሚገምት ነበር፡፡ አስተውሉ፤ በአንድ በኩል ዝናብ ይገባል፣ በሌላው በኩል ሰው ይወጣል፡፡ ጋይንትና ስማዳ እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረው ሴፍቲኔት ስማቸውን የሚያውቃቸው ወረዳዎች ናቸው፡፡ እዚያ የተሳሳተ ግብዓት ማለት ቀይ መስመር የተሰመረበት ግራፍ ብቻ አይደለም፤ ስንዴ ሳይሰፈርላት የምትመለስ እናት ናት፡፡

ስለዚህ አማካሪዎች ሆይ፣ ግራፉን ከማየታችሁ በፊት የግብዓቱን ፋይል ጠይቁ፡፡ ገንዘብ ሰጪዎች ሆይ፣ ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት ተማሪው ሲመረቅ ሥራው ከላፕቶፑ ጋር አብሮ ይሄድ እንደሆነ ጠይቁ፡፡ እኛ ደግሞ ለራሳችን ቃል ገብተናል፤ ግብዓቱ ያልተጻፈለትን ቁጥር እንደ ወሬ እንቆጥረዋለን፡፡ ወሬ ደግሞ ምንጭ ካልተገኘለት አይታተምም፡፡