አረንጓዴው መብራት ምስክር አይሆንም

ብዙ መሥሪያ ቤት ውስጥ አንድ ጥቁር ሳጥን አለ። ከጠረጴዛ ሥር ወይም ከመደርደሪያ ጥግ ተቀምጦ ቀን ከሌት እያጉረመረመ ይሠራል። ሆዱ ውስጥ ሁለት፣ አራት ወይም ስምንት ሃርድ ዲስክ ተደርድሯል። ባለሙያዎቹ በምህጻር «ናስ» ይሉታል (ከብረቱ ጋር ዝምድና የለውም)፤ የቢሮው ሰው ሁሉ በኔትወርክ ገብቶ ፋይል የሚያስቀምጥበት ሰርቨር ነው። ፎቶ ቤቱ የአሥር ዓመት ሠርግ እዚያ አለው። ሒሳብ ክፍሉ የኦዲት ሰነዱን፣ የሚዲያ ተቋሙ ጥሬ ቪዲዮውን፣ ብራና የሚያነሳው ቡድን ከገዳም ገዳም ዞሮ የሰበሰበውን ምስል እዚያ ጭኗል። ከሳጥኑ ፊት አረንጓዴ መብራት በርቷል። ሰው ሁሉ እሷን አይቶ ይተኛል።

ያቺን መብራት የሚያበራት ግን ማን ነው? አንድ ዲስክ «ጤነኛ ነው» ወይም «ሊሞት ነው» ብሎ የሚፈርደውስ? ባለፉት ዓመታት በአደባባይ የታየው መልስ የሚያስቆጣ ነው፦ ፈራጁ ሻጩ ነው። ተከሳሹ ራሱ ዳኛ ሆኖ በተሰየመበት ችሎት ምን ዓይነት ብይን እንደሚሰጥ ለመገመት ሕግ መማር አያስፈልግም።

እያንዳንዱ ሃርድ ዲስክ የራሱን የሕመም መዝገብ ይጽፋል። ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ ስንት ጊዜ ጠፍቶ እንደተነሳ፣ ሙቀቱ ስንት እንደደረሰ፣ ስንት ቦታ ላይ ማንበብ እንዳቃተው ይመዘግባል። መዝገቡ «ስማርት» ይባላል፤ መስመሮቹም ቁጥር አላቸው። 5ኛው ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ ሴክተሮችን ይቆጥራል። 197ኛው ዲስኩ ማንበብ ተስኖት በይደር ያቆያቸውን ይቆጥራል። 187ኛውና 198ኛው ሊታረሙ ያልቻሉ ስሕተቶችን፣ 188ኛው ጊዜያቸው ያለፈባቸውን ትእዛዞች ይይዛሉ። ባክብሌዝ የተባለው የአሜሪካ የባክአፕ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መረጃ፣ በእጁ ከሞቱት ዲስኮች በ76.7 በመቶው ላይ ከእነዚህ አምስት ቁጥሮች ቢያንስ አንዱ ከዜሮ በላይ ነበር። በሥራ ላይ ካሉት ግን እንዲህ ያለ ምልክት የታየው በ4.2 በመቶው ብቻ ነው።

ተጠቃሚው የሚታየው ይህ ቁጥር አይደለም። የሚታየው አንድ ቃል ነው፦ «አልፏል»፣ «ጤነኛ»፣ «ኖርማል»። ቃሉ የሚወጣበትን መንገድ ልብ በሉ። አምራቹ ለእያንዳንዱ መስመር ነጥብ ይሰጣል። ነጥቡ ብዙውን ጊዜ ከ100 ወይም ከ200 ይነሳና ነገሩ እየከፋ ሲሄድ ይወርዳል። አምራቹ ራሱ ካሰመረው ወለል በታች ሲደርስ ብቻ ዲስኩ «ወድቋል» ይባላል። ወለሉን የሚያሰምረው እሱ፣ በዋስትና ጊዜ ለሚመለሰው ዲስክ ሁሉ የሚከፍለውም እሱ። ስለዚህ ብዙ ሴክተር ተበላሽቶበትም «አልፏል» የሚል ዲስክ ማግኘት ብርቅ አይደለም።

እውነት ለመናገር፣ ቁጥሮቹም ሁሉን አይናገሩም። የጉግል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ከ100,000 በላይ ዲስኮችን አጥንተው ያወጡት ጽሑፍ እንደሚለው፣ ከሞቱት ዲስኮች ከ56 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዋና ናቸው በተባሉት አራት ምልክቶች ላይ አንድም ቁጥር አልነበራቸውም። ምንም ሳይናገሩ ነው የሞቱት። በሌላ በኩል ደግሞ፣ በፍተሻ አንድ ስሕተት ብቻ የታየበት ዲስክ በቀጣዮቹ 60 ቀናት የመሞት ዕድሉ ስሕተት ካልታየበት በ39 እጥፍ ይበልጣል። ንጹሕ መዝገብ ዋስትና አይሰጥም ማለት ነው፤ የቆሸሸ መዝገብ ግን የሚያስቸኩል ማስጠንቀቂያ ነው። ይህንን በ«ጤነኛ» ቃል መሸፈን ምን ይባላል?

ወደ ታሪኩ እንግባ። እ.ኤ.አ. በ2020 ሚያዝያ ላይ፣ ዌስተርን ዲጂታል ለናስ ብሎ በሚሸጠው «ሬድ» በተባለው ዲስክ ውስጥ ለማንም ሳይነግር የአጻጻፉን ዘዴ መለወጡ ተጋለጠ። ከ2 እስከ 6 ቴራባይት ባሉት አንዳንድ ሞዴሎች ላይ መረጃው የሚጻፍባቸው መስመሮች እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው ነበር። ቆርቆሮ የመታ ሰው ያውቀዋል፤ ከመካከል አንዱን ለመለወጥ በላዩ ያረፈውን ማንሳት ግድ ነው። እነዚህም ዲስኮች አንድ ቦታ ለማረም አጎራባቹን ሁሉ እንደገና መጻፍ ነበረባቸው። ቀላል ሥራ ላይ ይህ አይታወቅም። አንድ ዲስክ ሞቶ ናሱ በአዲሱ ላይ መረጃውን ሲገነባ ግን ጉዱ ይወጣል።

በእንግሊዝ አገር በአንድ የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ የኔትወርክ ኃላፊ የሆነ ባለሙያ ያገጠመው ይኸው ነው። አዲስ ዲስክ ይገባል፣ ግንባታው ይጀመራል፣ ሥርዓቱ አዲሱን ዲስክ «ተበላሽቷል» ብሎ ያባርረዋል። ሌላ ሲመጣም ያው ነው። ዲስኩ በሽተኛ አልነበረም፤ አፈጣጠሩ ተደብቆ ነው የተሸጠው። ሰርቭ ዘ ሆም የተባለው የሙከራ ድረ ገጽ በዚያው ዓመት ባደረገው ፍተሻ፣ ከእነዚህ አንዱን ዲስክ መልሶ መገንባት ከ9 ቀን በላይ ፈጀ፤ በተለመደው ዘዴ የሚጽፉት ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ጨርሰዋል። አንድ ዲስክ በሞተበትና የቀሩት ሌት ተቀን በሚነበቡበት ናስ ላይ 9 ቀን ማለት፣ ሁለተኛው ዲስክ እንዳይሞት እየጸለዩ የሚታደርባቸው 9 ሌሊቶች ናቸው።

ኩባንያው በመጀመሪያ ዲስኮቹ ለቤትና ለአነስተኛ ቢሮ ሥራ በቂ ናቸው፣ ከባድ ሥራ ያለበት ሌላ ሞዴል ይግዛ ብሎ መለሰ። በኋላ ዝርዝሩን አወጣ፤ የቀድሞውን ዓይነት ደግሞ «ሬድ ፕላስ» ብሎ በአዲስ ስም ለየው። በአሜሪካ የቀረበበት የጋራ ክስም በ2021 በ2.7 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ። ለአንድ ዲስክ የደረሰው ካሣ እንደ መጠኑ ከ4 እስከ 7 ዶላር ነበር። ለ9 ሌሊት ጭንቀት!

ሁለተኛው ታሪክ የተገላቢጦሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የሲኖሎጂ ናስ ያላቸው ሰዎች ምንም ስሕተት የሌለባቸው የዌስተርን ዲጂታል ዲስኮቻቸው በድንገት «ማስጠንቀቂያ» የሚል ምልክት ይዘው አገኟቸው። ሲመረመር ምክንያቱ አንድ ብቻ ነበር፤ ዲስኩ 3 ዓመት ሠርቷል። የተበላሸ ሴክተር የለም፣ ያልተነበበ ቦታ የለም። ዕድሜው ሞልቷልና ለውጠው ይላል፣ ዲስክ የሚሸጠው ኩባንያ የሠራው መመርመሪያ። በ2025 ደግሞ ሲኖሎጂ ራሱ በዚያ ዓመት በወጡት «ፕላስ» ሞዴሎቹ ላይ የራሱን ምልክት የለጠፈባቸውን ወይም እሱ የፈቀዳቸውን ዲስኮች ካልገዛችሁ አለ። ደንበኛው ስለተቆጣ በጥቅምት ወር ውሳኔውን ቀለበሰ። መቀልበሱ መልካም ነው። ግን ሐሳቡ ከየት እንደመጣ መርሳት አይገባም፦ ምርመራውን የያዘ ገበያውን ይይዛል።

ሦስተኛው ለእኛ አገር በጣም ይቀርባል። በ2025 መጀመሪያ ሃይዘ የተባለው የጀርመን የቴክኖሎጂ ሚዲያ፣ በአውሮፓ ሱቆች እንደ አዲስ የተሸጡ የሲጌት ዲስኮች ያገለገሉ መሆናቸውን አጋለጠ። አንዳንዶቹ ከ15,000 እስከ 50,000 ሰዓት ሠርተዋል። 50,000 ሰዓት ሳያቋርጥ ቢቆጠር ከ5 ዓመት ተኩል ይበልጣል። የስማርት መዝገባቸው ግን ዜሮ ወይም ዜሮ ገደማ ይል ነበር፤ የመኪና ኪሎ ሜትር እንደሚመለስ ሁሉ ሰዓቱ ተመልሷል። ያጋለጣቸው ሲጌት በዲስኩ ውስጥ ለብቻው የሚያኖረው «ፋርም» የተባለ ሁለተኛ መዝገብ ነው፤ አጭበርባሪዎቹ እሱን አልነኩትም ነበር። ሲጌት እነዚህን ዲስኮች ለሻጮቹ እንዳላቀረበ ገልጾ ምርመራ ጀመረ፤ ምንጫቸውም ቺያ የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ ሲያመርቱ የነበሩ ማዕከላት ሳይሆኑ አይቀሩም ተባለ።

ጀርመን ውስጥ፣ ደረሰኝና የሸማች ሕግ ባለበት አገር ይህ ከሆነ፣ ከዱባይ በሻንጣ ገብቶ «ስላሽ» እየተባለ፣ አንዳንዴም በአዲስ ላስቲክ ተጠቅልሎ እንደ አዲስ የሚሸጠውን ዲስክ ማን መዝገቡን ከፍቶ አይቶታል? ስልክ የሚገዛ ሰው የባትሪውን መቶኛ ሳያይ ብር አይቆጥርም። ሰርቨር የሚገዛ የግዥ ኮሚቴ ግን የዲስኩን የሥራ ሰዓት ሳይጠይቅ ይፈርማል።

አንዳንድ ሰው «ተራ ተጠቃሚ ይህን ሁሉ ቁጥር ምን ያደርግለታል?» ይላል። ይህ ንቀት ነው። ፊደል ያልቆጠሩ እናት ከጤና ጣቢያ ሲወጡ ግፊታቸው 120 በ80 መሆኑን ጠይቀው ነው የሚወጡት። ሐኪሙ «ደህና ነዎት» ብቻ ብሎ ቁጥሩን ቢደብቅባቸው ሁለተኛ አይመለሱበትም። አምስት መስመር ማንበብ ከዚያ አይከብድም።

«ከጠረጠርክ ለውጠው፣ ዲስክ ርካሽ ነው» የሚሉም አሉ። ርካሽ የሆነው ለማን ነው? ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ አንድ የናስ ዲስክ የስንቱን ደመወዝ እንደሚበላ የሚያውቅ እንዲህ አይልም። ደግሞም ያለ ምርመራ መለወጥ ራሱ አደጋ ነው። በመዝገቡ 199ኛው መስመር ላይ ቁጥሩ የሚጨምር ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የገመዱ ወይም የመሰኪያው ነው፤ ዲስኩን ጥሎ ገመዱን ማቆየት ሁለተኛውን ዲስክም እንዲጠረጠር ያደርጋል። የኃይል አቅራቢው ሲደክምም ጤነኛ ዲስኮች ተራ በተራ የጠፉ ይመስላሉ፤ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ የመጀመሪያ ጥርጣሬ መሆን አለበት። ለናስ ያልተሠራ ርካሽ ዲስክ ደግሞ አንድ ክፉ ሴክተር ሲያገኝ ለረዥም ጊዜ ይታገላል፤ ለናስ የተሠሩት አብዛኛውን ጊዜ በ7 ሰከንድ ተስፋ ቆርጠው ይመልሳሉ። ተቆጣጣሪው መጠበቅ ሲሰለቸው ታጋዩን «ሞቷል» ብሎ ያስወጣዋል። እንግዲህ ማን ሞተ፣ ማን ተገፋ፣ ማን በገመድ ታነቀ የሚለው የሚለየው መዝገቡን በማንበብ እንጂ በመብራት ቀለም አይደለም።

ሻጩን ብቻ መውቀስ ግን ግማሽ እውነት ነው። ግማሹ በራሳችን ቢሮዎች ውስጥ አለ። ትዕይንቱ በየቦታው አንድ ነው። የአይቲ ባለሙያው 197ኛው መስመር በሦስት ሳምንት ከ2 ወደ 16 እንደወጣ አይቶ ማስታወሻ ይጽፋል። ማስታወሻው ለአስተዳደር ይመራል፣ አስተዳደር ለፋይናንስ ይመራዋል፣ ፋይናንስ «እየሠራ አይደል እንዴ?» ይላል። አዎ፣ እየሠራ ነው! ዲስክ እስከሚሞትባት ደቂቃ ድረስ ይሠራል። ከዚያ አንድ ሰኞ ጠዋት ፋይል አልከፈት ሲል ያው ባለሙያ ስብሰባ ተጠርቶ «ለምን አላሳወቅክም?» ይባላል። ሥልጣን የሌለው መርማሪ፣ ኃላፊነት ያለበት ተጠያቂ።

ሌላም ሰበብ አለ፦ «ሬይድ አለን።» ሬይድ ዲስኮቹ እርስ በርስ እንዲተካኩ የሚያደርግ አሠራር ነው፤ አንዱ ሲሞት ሥራው እንዳይቆም ይረዳል። በስሕተት የተሰረዘውን አይመልስም፣ ከቤዛ ጠያቂ ቫይረስ አያድንም፣ ሳጥኑ ሲሰረቅ አብሮ ይሰረቃል። ባክአፕ ማለት ሌላ ቦታ የተቀመጠ፣ ተመልሶ እንደሚከፈትም የተሞከረ ሁለተኛ ቅጂ ነው። ሬይድን ባክአፕ ብሎ የሚጠራ ኃላፊ ካለ ሰነዱን ከእጁ መቀበል ይሻላል።

መደረግ ያለበት ውድ አይደለም። በግዥ ሰነዱ ላይ ሦስት መስመር ይጨመር፦ ሻጩ የዲስኩን ትክክለኛ ሞዴልና የአጻጻፍ ዘዴ ይግለጽ፤ ከርክክብ በፊት ሙሉው የስማርት መዝገብ፣ ሲጌት ከሆነም የፋርሙ፣ ታትሞ ይያያዝ፤ ክፍያ የሚፈጸመው ረዥሙ የዲስክ ፍተሻ ካለፈ በኋላ ይሁን። በ8 ቴራባይት ዲስክ ላይ ይህ ፍተሻ ከግማሽ ቀን በላይ ይወስዳል፤ ዓርብ ማታ የተጀመረ ሰኞ ጠዋት ውጤቱ ይጠብቃል። የአይቲ ባለሙያው ደግሞ 197ኛው ወይም 198ኛው መስመር ከዜሮ ተነስቶ መጨመር ሲጀምር፣ ፋይናንስን ሳይለምን መጠባበቂያ ዲስክ ከመጋዘን የሚያወጣበት ፈቃድ በጽሑፍ ይሰጠው። መጠባበቂያው ዲስክ ግን አስቀድሞ ተገዝቶ መጋዘን ውስጥ መኖር አለበት፤ አሁን በአብዛኛው ቢሮ የለም።