ስቴቱ ቢፈቅድም ፌደራሉ አልፈቀደም

ወዳጆቼ፣ ይህን የምጽፈው በተለይ አሜሪካ ላላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ ነው። በኢንቦክስ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ነገር አለ፦ «መምህር፣ እዚህ ሜሪላንድ ማሪዋና ተፈቅዷል። ሽጉጡንም በሕጋዊ መንገድ ነው የገዛሁት። ሁለቱ አንድ ቤት ቢገኙ ምን አለበት?»

ብዙ አለበት! ጠበቃ አይደለሁም፤ ሕጉ ግን ተጽፎ የተቀመጠ ነው፣ ያነበበ ይረዳዋል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ዲሲ በ2015፣ ቨርጂኒያ በ2021፣ ሜሪላንድ በ2023 ዕድሜው 21 የሞላ ሰው ለራሱ የሚሆን መጠን እንዲይዝ ፈቅደዋል። ኮሎራዶና ዋሽንግተን ስቴትማ በ2012 ነው ሕዝቡ ድምፅ የሰጠበት። ይህ ሁሉ ግን የስቴት ሕግ ነው። የፌደራሉ የጦር መሣሪያ ሕግ ከ1968 ጀምሮ የዕፅ ተጠቃሚን ከመሣሪያ ያርቃል። ማሪዋና ደግሞ ከ1970 ጀምሮ በፌደራል ቁጥጥር ሥር ካሉት ዕፆች አንዱ ነው። ስለዚህ ስቴቱ «ይሁን» ቢልም፣ በፌደራል ዓይን የሚያጨሰው ሰው ሕገወጥ ተጠቃሚ ነው፤ ሽጉጥም ጥይትም ሊኖረው አይችልም። የሐኪም ካርድ አለኝ ማለትም አያድንም። ቅጣቱ ከ2022 ወዲህ እስከ 15 ዓመት እስር ይደርሳል።

ሽጉጥ ከሱቅ ስትገዙ የምትሞሉት ፎርም 4473 ይባላል። ማሪዋና ወይም ሌላ ዕፅ ትጠቀም እንደሆነ በቀጥታ ይጠይቃል። «አልጠቀምም» ብሎ ዋሽቶ መፈረም ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። የሀንተር ባይደንን ጉዳይ አስታውሱ፦ የእሱ ዕፅ ኮኬይን ነበር፤ በ2024 ዴላዌር ላይ ጥፋተኛ የተባለው ግን ሽጉጥ ሲገዛ በሰጠው የሐሰት መልስና መሣሪያውን በመያዙ ነው። አባቱ ፕሬዚዳንት ስለነበሩ ምሕረት አደረጉለት። የእኛ ልጆች አባት ግን ታክሲ ነው የሚነዳው።

ይዞ መንቀሳቀስም ሌላ ጣጣ አለው። ቨርጂኒያ ሽጉጥ ደብቆ ለመያዝ የምትሰጠው ፈቃድ ዲሲም ሜሪላንድም አይሠራም። ከአሌክሳንድሪያ ተነስቶ ሲልቨር ስፕሪንግ ምሳ ለመብላት የሄደ ሰው መንገድ ላይ ሕግ ሊጥስ ይችላል። መኪናው ውስጥ ዊድ ከተገኘማ ችግሩ ሁለት ሆነ ማለት ነው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ዜጋ ያልሆናችሁ፣ ግሪን ካርድ ያላችሁ፣ ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቡት። የዕፅ ተጠቃሚ ሆኖ መሣሪያ በመያዝ የተፈረደበት ሰው፣ በኢሚግሬሽን ሕግ «ከባድ ወንጀል» ከሚባሉት ውስጥ ይገባል፤ ከአገር ያስባርራል። ሃያ ዓመት ግብር ከፍሎ፣ ልጆች ወልዶ፣ ቤት ገዝቶ! በዚያ ላይ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ስቴቱ ቢፈቅድም ማሪዋና መጠቀም፣ ማሪዋና መሸጫ ውስጥ ተቀጥሮ መሥራት እንኳ፣ ዜግነት ሊያስከለክል እንደሚችል ተናግሯል።

«እኔ ዊድ አልነካም» የምትሉም አትዝናኑ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከ1993 ጀምሮ ከማሪዋና ባላነሰ ጥብቅ በሆነው በአንደኛው ምድብ ነው የተቀመጠው። ሕጉ የሚለው ደግሞ «ማሪዋና» ብቻ ሳይሆን ማንኛውንም ቁጥጥር የሚደረግበት ዕፅ ነው።

አሁን የራሴን አስተያየት ልበል። ሕጉ የተጣመመ ነው። ማታ ማታ ውስኪ የሚጨልጥ ሰው አሥር ጠመንጃ መደርደር ይችላል፤ አልኮል ከዚህ ክልከላ ውጪ ነውና። ለጀርባ ሕመሙ አርብ ማታ አንድ ማሪዋና ከረሜላ የሚበላ ሽማግሌ ግን ወንጀለኛ ነው። ይህ ምን ዓይነት ፍርድ ነው? ሰክሮ ወይም ደንዝዞ መሣሪያ የጨበጠን ሰው ቅጡ፤ እስማማለሁ፣ ያውም አጥብቃችሁ። በሰላም ቤቱ የተቀመጠን ሰው ግን ትናንት ባጨሰው ዛሬ አእምሮው ንጹሕ ሳለ መክሰስ ፍትሕ አይመስለኝም። አምስተኛው የፌደራል ይግባኝ ፍርድ ቤትም በ2023ና በ2024 ወደዚሁ የተጠጋ ውሳኔ ሰጥቷል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2025 አንድ የቴክሳስ ሰው ጉዳይ ለማየት ተቀብሏል።

«ዊድና ሽጉጥ አንድ ቤት ማደር የለባቸውም» የሚሉ እናቶችም አሉ፤ እውነት አላቸው። እኔም ቤቴ እንዲያድሩ አልፈልግም። ግን አይጠቅምም ማለትና 15 ዓመት ያሳስራል ማለት አንድ አይደለም።

ልጆቼ፣ ጠመንጃ በእኛ ዘንድ ክብር እንደሆነ አውቃለሁ። ሌሊት ስቶር የምትጠብቁ፣ ሽጉጡ ለጌጥ እንዳልሆነም ይገባኛል። ቢሆንም ሕጉ ልክ አይደለም ብሎ መከራከር ሌላ፣ በራስ ሕይወት መሞከር ሌላ ነው። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ። ፎርም ላይ አትዋሹ። ዜጋ ካልሆናችሁ ፖሊስም ሆነ የኢሚግሬሽን ሠራተኛ ስለ ዕፅ ሲጠይቃችሁ ሳትመልሱ በፊት ጠበቃ አማክሩ፤ የጓደኛ ምክር ፍርድ ቤት አይቆምላችሁም።

ግሪን ካርድ ያለው ወዳጅ ያላችሁ ይህን ሼር አድርጉለት። የማትስማሙም ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ በጨዋ ደንብ እንከራከር።