በጠያቂዎች ፊት ለሚቆም ጎልማሳ ተማሪ



ልጅ ለፈተና በሚቀርብበት ጊዜ ቤተ ሰቡ ሁሉ አብሮት ይነሣል። እናት ስንቅ ታዘጋጃለች፤ አባት ይመርቃል፤ ጎረቤትም «ይቅናህ» ይላል። የቤቱ አባት ወይም የቤቱ እናት ለትምህርት በጠያቂዎች ፊት የሚቀርቡ በሆነ ጊዜ ግን ነገሩ ይለወጣል። ብዙዎች ጉዳዩን በልባቸው ደብቀው ይይዙታል፤ ሌሊት እንቅልፍ አጥተው ያድሩና ሲነጋ ምንም እንዳላገኘው ሰው ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ። ስለዚህ በዚህ ወር ዐምዳችን፣ በጎልማሳነት ዘመናቸው ወደ ዩኒቨርሲቲ ደጅ ስለሚመለሱ ሰዎች፣ ከቃለ መጠይቅ በፊት ስለሚይዛቸውም ጭንቀት ጥቂት ልንናገር ወደናል።

ነገሩ በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች፣ ማለት በጭሮ ወይም በቀድሞ ስሟ በአሰበ ተፈሪ፣ በሂርና፣ በበዴሳ፣ በገለምሶና በሚኤሶ ለሚኖሩ ብዙ ቤቶች የቅርብ ጉዳይ ነው። አሰበ ተፈሪ ለትምህርት ባዳ የሆነች ከተማ አይደለችም። ከጠላት ወረራ በፊት የጨርጨር ገዥ የነበሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ በሩስያ አገር የተማሩት ሰው፣ ከተማይቱን ለሌሎች አርአያ ትሆን ዘንድ በአዲስ ሥርዓት ለማቋቋም የደከሙባት ናት። ኋላም እኒሁ ሰው በኢጣልያ ወረራ ዋዜማ በጄኔቭ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ስለ አገራቸው ተከራክረዋል። ዛሬ ደግሞ ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ በዚያችው ከተማ ይገኛል። በ1940ዎቹ ዓ.ም. የእርሻ ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረውና በ1977 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲነት ያደገው ሐረማያም ከቁልቢ ወዲያ በሐረር መንገድ ላይ ነው። እንግዲህ ደጁ ቀርቧል፤ ነገር ግን የደጁ መቅረብ ብቻውን የመግባትን ፍርሃት አያስቀርም።

በአገራችን ወደ መጀመሪያ ዲግሪ የሚገባው ሰው በአብዛኛው በጽሑፍ ፈተና ውጤቱ ስለሚመደብ፣ ጎልማሳው ቃለ መጠይቅን የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ዲግሪ በሚፈልግበት ወቅት ነው። የጽሑፉን ፈተና ካለፈ በኋላ እንደ ትምህርት ክፍሉ ልማድ በመምህራን ፊት ይጠራል። ለዐሥራ አምስት ዓመት ያስተማረች መምህርት፣ በጤና ጣቢያ ያገለገለ ነርስ፣ ከገበሬ ጋር በማሳ የዋለ የግብርና ባለሙያ በዚያ ወንበር ላይ ይቀመጣል። የሚፈራውም ነገር ሦስት ነው። አንደኛ፣ ዕድሜውን ያፍርበታል፤ በአጠገቡ ተራ የሚጠብቁት ልጆቹን የሚያህሉ ናቸውና፤ ከጠያቂዎቹም አንዱ የቀድሞ ተማሪው ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ በየዕለቱ የማይናገረው እንግሊዝኛ በአፉ ላይ ይተሳሰርብኛል ብሎ ይሠጋል። ሦስተኛ፣ ባልፍስ ደግ፣ ብወድቅ ግን በከተማው ምን እባላለሁ ይላል፤ በትንሽ ከተማ ወሬ ከመኪና ይቀድማልና። ይህ ሦስተኛው ፍርሃት ከሁለቱ ይልቅ እንደሚበረታ፣ ብዙዎችንም ከደጁ ሳይደርሱ እንደሚመልሳቸው ልብ ይሏል።

ለዚህ ምክር የምናገኝበት ታሪክ በቅዱስ መጽሐፍ አለ። ነህምያ በሱሳ ግንብ ለንጉሡ ለአርጤክስስ ጠጅ አሳላፊ ነበረ። አንድ ቀን ንጉሡ ፊቱ ማዘኑን አይቶ ምክንያቱን ጠየቀው። መጽሐፉ እንደሚነግረን ነህምያ በዚያች ሰዓት እጅግ ፈራ፤ ፍርሃቱንም አልሸሸገውም። ንጉሡ «የምትፈልገው ምንድር ነው» በሚል አሳብ በጠየቀው ጊዜ በልቡ ወደ ሰማይ አምላክ ጸለየና መልሱን ሰጠ። የመልሱን አኳኋን እንመልከት። ኢየሩሳሌምን ለመሥራት እንደሚሻ ባጭሩ ተናገረ፤ መቼ እንደሚመለስ በተጠየቀ ጊዜ ቀኑን ቈርጦ አስታወቀ፤ ለመንገዱ ደብዳቤ፣ ለሥራውም እንጨት እንደሚያስፈልገው ለይቶ ጠየቀ።

አንባቢው ግን አንድ ነገር ሊዘነጋ አይገባም። ያ በልብ የተጸለየ ጸሎት የአንድ ትንፋሽ ያህል አጭር ቢሆንም፣ ነህምያ የኢየሩሳሌምን ወሬ ከሰማበት ከካሴሉ ወር ጀምሮ እስከ ኒሳን ድረስ አራት ወር ያህል አልፎ ነበር። በዚያ ጊዜ ውስጥ ጾሟል፤ ጸልዮአል፤ መልሱም እንደሚያሳየን ነገሩን አስቦ አሰናድቷል። ስለዚህ በጠያቂ ፊት የምትጸለየው አጭር ጸሎት ኀይል የምታገኘው ከኋላዋ ረጅም ዝግጅት ሲኖር ነው። መፍራትም የአለመብቃት ምልክት አይደለም። ነህምያ ፈርቶ ሳለ ተናገረ፤ ፍርሃቱ ጨርሶ እስኪለቀው ድረስ ቢጠብቅ ኖሮ የኢየሩሳሌም ቅጥር ባልተሠራ ነበር።

ይህንኑ ምሳሌ ይዘን ወደ ዛሬው ጎልማሳ ስንመለስ፣ ጠያቂዎች በተለያየ ቃል የሚያቀርቡለት ጥያቄ ከሦስቱ ብዙም የሚርቅ አይደለም፤ ምን ትፈልጋለህ? ሥራህንና ቤትህን ከትምህርቱ ጋር እንዴት አድርገህ ታስኬዳለህ? ለዚህስ ምን አለህ፣ ምንስ ይጎድልሃል? ለእነዚህ ለእያንዳንዳቸው ከአራትና ከአምስት ዐረፍተ ነገር የማይበልጥ እውነተኛ መልስ አስቀድሞ በጽሑፍ ማዘጋጀት ከጭንቀቱ እኩሌታውን ያነሣል። የተጻፈውንም ቃል በቃል መሸምደድ አይገባም፤ አንዲቱ ቃል ስትጠፋ ሌላው ሁሉ አብሮ ይጠፋልና። አሳቡን ይዞ በየጊዜው በሌላ ቃል መናገር ይሻላል።

በቃል መጠየቅ ለእኛ ለቤተ ክርስቲያን ልጆች አዲስ ነገር አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ቀን ሲያስብ የዋለውን ቅኔ በጓደኞቹ መካከል ለመምህሩ ይነግራል። ቤት ቢጎድለው ወይም ምሥጢሩ ባይሰምር መምህሩ እዚያው ያርመዋል፤ ተማሪውም ነገ ደግሞ ሌላ ይዞ ይቀርባል። ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ የሚደርሰው እንዲህ በየዕለቱ እየታረመ ነው። በሰው ፊት መታረምን ስለ ለመደ መታረም አያሳፍረውም። ጎልማሳው ተማሪም ይህን ልማድ በቤቱ ሊያቆመው ይችላል። ለመጀመሪያው ሳምንት ብቻውን ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገር፤ በሁለተኛው ለትዳር ጓደኛው ወይም ለልጁ ይንገር፤ በሦስተኛው ከሥራ ባልደረቦቹ ሁለቱን አስቀምጦ ይጠይቁት። የእንግሊዝኛውም መድኃኒት ይኸው ነው፤ በየማታው ሩብ ሰዓት ድምፅን አሰምቶ ማንበብ የተሳሰረውን አፍ ይፈታል። ጥያቄው ያልገባው እንደ ሆነም «እባክዎን ይድገሙልኝ» ማለት ነውር አይደለም። ያልተጠየቀውን ከመመለስ ደግሞ መጠየቅ ይበልጣል።

ስለ ዕድሜውም ቢሆን፣ ጎልማሳው ሊሸሽገው የሚሞክረው ነገር ዋናው ምስክሩ ነው። በበዴሳ ወይም በገለምሶ አካባቢ የሠራውን የግብርና ባለሙያ እንውሰድ። ገበሬው አባቱ የተከለውን ቡና ነቅሎ ጫት የሚተክለው ስለ ምን እንደ ሆነ ወጣቱ ከመጽሐፍ ያነበዋል፤ እርሱ ግን በዐይኑ አይቶታል። የዋጋውን መዋዠቅ፣ የዝናቡን መጥፋት፣ ቡና በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ሲለቀም ጫት በዓመት ደጋግሞ ገንዘብ የሚያስገኝ መሆኑን ከገበሬው አፍ ሰምቷል። «በዚህ ዕድሜ ለምን?» ብለው ሲጠይቁት እንግዲህ ይቅርታ እንደሚለምን ሰው አንገቱን ሊደፋ አይገባውም። «ይህን ነገር ዐሥር ዓመት አየሁት፤ ምክንያቱን ግን በሚገባ መርምሬ ማስረዳት ስላቃተኝ መጣሁ» ቢል፣ ከዚህ የሚበልጥ መልስ የለም። ሙሴ በፈርዖን ፊት በቆመ ጊዜ የሰማንያ ዓመት ሰው ነበረ፤ አፈ ኰልታፋም እንደ ሆነ አስቀድሞ ለአምላኩ ተናግሯል። በጎረቤታችን በኬንያም ኪማኒ ማሩጌ የተባሉ ሽማግሌ በ1996 ዓ.ም. በሰማንያ አራት ዓመታቸው አንደኛ ክፍል ገብተው ከሕፃናት ጋር ፊደል ቈጥረዋል።

ስለ ሥጋም ጥቂት እንናገር፤ ጭንቀት በነፍስ ብቻ የሚቀር አይደለምና። ሰው በፈራ ጊዜ አድሬናሊን የተባለው ቅመም በደሙ ይሠራጫል፤ ልብ ይመታል፤ አፍ ይደርቃል፤ እጅ ይንቀጠቀጣል። ይህ ሁሉ ሥጋ ለሥራ ሲነሣሣ የሚያሳየው ምልክት ነው፤ ጥቂት ቆይቶም ይበርዳል። በአፍንጫ ቀስ ብሎ አየር ስቦ፣ ከሳቡበት ጊዜ ረዘም አድርጎ ማስወጣት፣ ይህንም ከለመዱት አጭር ጸሎት ጋር ስድስት ሰባት ጊዜ መደጋገም ልብን ያረጋጋል። በእኛ አገር ለማንበብ እንዲያነቃ ተብሎ ሌሊቱን ጫት መቃም የተለመደባቸው አሉ። ነገር ግን በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር ራሱ የልብን ምት ያፈጥናል፤ እንቅልፍም ይነሣል፤ «ምርቃናው» ሲያልፍ የሚተርፈው ድካምና ብስጭት ነው። ቡናም ቢሆን ከጠጡት ከአምስት ሰዓት ያህል በኋላ እንኳ የኀይሉ እኩሌታ በደም ውስጥ ስለሚገኝ፣ በዋዜማው ከቀትር በኋላ መተው ይሻላል። ከአሰበ ተፈሪ ወደ ሐረማያ የሚሄድ ሰው የሂርናን፣ የጨለንቆንና የቁልቢን ጠመዝማዛ መንገድ በፈተናው ማለዳ ከሚጀምረው በዋዜማው ደርሶ ቢያድር ይበጀዋል። ቀኑ የጾም ቀን የሆነ እንደ ሆነ ስለ ሰዓቱና ስለ ምግቡ አስቀድሞ ከንስሐ አባት ጋር መመካከር ነው። እንቅልፍ ማጣቱና ጭንቀቱ ለሳምንታት ጸንቶ ከሥራና ከምግብ የሚከለክል ከሆነ ደግሞ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል፤ ጸበሉና መድኃኒቱ አይጣሉም።

መንገዱ በቁልቢ በኩል ስለሚያልፍ ስለ ስለትም አንድ ቃል እንጨምር። ራስ መኰንን ባሠሩት በቁልቢ ቅዱስ ገብርኤል ደጅ ብዙዎች ስለ ትምህርት ይሳላሉ፤ መልካም ነው። ነገር ግን ስለት የዝግጅት ምትክ አይሆንም። ሳያነቡ የተሳሉት ስለት መልአኩን የስንፍናችን ዋስ ማድረግ ነው፤ ተዘጋጅተው የተሳሉት ግን የድካማችንን ፍሬ በእግዚአብሔር እጅ ማኖር ነው።

አሁን ነገራችንን ወደ ቤተ ሰቡ እናዙር፤ ሸክሙን የሚያቀልሉትም የሚያከብዱትም እነርሱ ናቸውና። ተፈታኟ የቤቱ እመቤት ስትሆን ሸክሙ እጥፍ ነው። ቀን ታስተምራለች፤ ማታ ሊጡን ታቦካለች፤ ልጆቹን ታስተኛለች፤ መጽሐፉን የምትከፍተው ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ነው። ባል በእነዚያ ሳምንታት ልጆቹን ቢይዝ፣ ገበያውን ቢወጣ፣ ምጣዱንም ሌላ ሰው እንዲጥደው ቢያደርግ፣ ከብዙ የማጽናኛ ቃል የበለጠ ረዳት ይሆናል። የእድሩና የማኅበሩ ተራ የሚደርስ ከሆነ አስቀድሞ ከጎረቤት ጋር መለዋወጥ ይቻላል። ጉዳዩን ለከተማው ሁሉ ማውራት አያስፈልግም፤ ነገር ግን ከንስሐ አባትና ከሁለት ከሦስት የልብ ወዳጆች መደበቅ ፍርሃቱን በጨለማ ማሳደግ ነው። ከጥያቄው በተመለሰች ጊዜም የቤቱ የመጀመሪያ ቃል «አለፍሽ ወይ?» አይሁን። «እንኳን በሰላም ተመለስሽ፤ ቁጭ በይና እህል ቅመሺ» ይበሏት፤ የቀረውን ራስዋ ትነግራቸዋለች። ለአባትም እንዲሁ ይሁን።

ባይሳካስ? ቅዱስ ያሬድ ትምህርት አልገባ ብሎት በሸሸ ጊዜ፣ ስድስት ጊዜ እየወደቀች በሰባተኛው ከዛፉ ላይ የወጣችውን ትል አይቶ መመለሱን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ታሪኩን ለልጆቻችን ስንነግር ኖረን ለራሳችን በሚያስፈልግበት ቀን ልንረሳው አይገባም። ያልተሳካለት ሰው የጎደለው ምን እንደ ሆነ በትሕትና ይጠይቅ፤ በማስታወሻው ይጻፈው፤ ለሚመጣው ዓመትም ያን ይዞ ይነሣ። ከሁሉ ይልቅ ግን ልጆቹ እያዩት መሆኑን ያስብ። አባታቸው ወይም እናታቸው ፈርተው ሳለ ሲዘጋጁ፣ ወድቀውም ሳለ እንደገና ሲነሡ ያየ ልጅ በራሱ የፈተና ቀን የሚደገፍበት ነገር ከቤቱ ይዞ ይወጣል። ይህም ውጤቱ የተለጠፈበት ወረቀት ሊሰጠውም ሊነሣውም የማይችል ሀብት ነው።

ለነህምያ በንጉሥ ፊት ቃልን የሰጠ አምላክ፣ ለትምህርት በተነሣችሁት ሁሉ አንደበት ላይ እውነትን፣ በልባችሁም ጸጥታን ያኑር፤ ቤታችሁንም በሰላም ይጠብቅ። አሜን።