መንገዱ የማን ነው?



ባለፈው የክርክር ሰዓት ከከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች አንዱ «የኤሌክትሪክ ብስክሌት በተራራ የብስክሌት መንገድ ላይ ይፈቀድ ወይስ ይከልከል?» የሚል ጥያቄ አነሣ። ብዙዎቻችሁ ሳቃችሁ። ተራ ብስክሌት እንኳ ለሌለን ሰዎች የሀብታም አገር ጭቅጭቅ መስሏችሁ ይሆናል። እኔ ግን ጥያቄው የእኛም ነው እላለሁ። በጠባብ መንገድ ላይ ጉልበት ያለውና ጉልበት የሌለው ሲገናኙ ማን ለማን ይለፍ የሚል ጥያቄ ነውና።

በመጀመሪያ ዕቃውን እንወቀው። የኤሌክትሪክ ብስክሌት ባትሪና ትንሽ ሞተር ያለው ብስክሌት ነው። አንዱ ዓይነት ፔዳል ሲመታ ብቻ የሚያግዝ ነው፤ ሌላው ያለ ፔዳል እንደ ሞተር ብስክሌት የሚነዳ ነው። በአውሮፓ ሕግ እንደ ብስክሌት የሚቆጠረው ሞተሩ ከ250 ዋት የማይበልጥና በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሲደርስ እገዛውን የሚያቆም ነው። በአሜሪካ የመጀመሪያው ደረጃ እስከ 32 ኪሎ ሜትር ያግዛል።

ተቃዋሚዎች «ሞተር ሞተር ነው» ይላሉ። ዳገቱን በፍጥነት ስለሚወጣ እግረኛን ያስደነግጣል፤ ዛሬ ለትንሹ በር ከተከፈተ ነገ ትልቁ ይገባል ባይ ናቸው። ደጋፊዎች ደግሞ ጉልበቱ የታመመ፣ ዕድሜው የገፋ ወይም ልቡ የደከመ ሰው ተራራ የመውጣት ዕድል የሚያገኘው በዚህ ነው ይላሉ።

ከታሪኩ አንድ ነገር ልብ በሉ። የተራራ ብስክሌት ግልቢያ እንደ ስፖርት የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ፣ በታማልፓይስ ተራራ አካባቢ ነው። ብዙ ሳይቆይ እግረኞችና ፈረሰኞች «መንገዳችንን አበላሹብን» ብለው ተነሡባቸው። እ.ኤ.አ. በ1984 ደግሞ በሕግ በተጠበቁት የአሜሪካ የዱር ሥፍራዎች ብስክሌት ጨርሶ እንዳይገባ በደንብ ተወሰነ። እንግዲህ ትናንት የተባረሩት ብስክሌተኞች ናቸው፤ ዛሬ ከእነርሱ መካከል ብዙዎቹ ባለ ባትሪውን «ውጣልን» የሚሉት። እ.ኤ.አ. በ2019 ብሔራዊ ፓርኮችን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ብስክሌት በሚገባበት ሁሉ የኤሌክትሪኩም እንዲገባ አዘዘ፤ ተቃዋሚዎችም ነገሩን ፍርድ ቤት ወሰዱት። በ2020 በወጣው ደንብ የትኛው መንገድ እንደሚፈቀድ የየፓርኩ ኃላፊ እንዲወስን ተደረገ።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ የብስክሌት መንገድም አለው። ነገር ግን እንጦጦ ባዶ ተራራ አልነበረም። እናቶች የባሕር ዛፍ እንጨት በጀርባቸው ተሸክመው ለብዙ ዘመን ወርደውበታል። ምእመናን ወደ ማርያምና ወደ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ይወጡበታል፤ ሯጮቻችን ይለማመዱበታል። ቦታው 3,000 ሜትር ያህል ከፍታ ስላለው አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ለደካማ ሰው የባትሪ እገዛ ትልቅ ነገር ይሆንለታል። ሆኖም ያ ብስክሌት ሸክም ተሸክማ ከምትወርድ እናት ጋር በጠባብ መንገድ ቢገናኝ ዘወር ማለት ያለባት እርሷ ናት? አይደለችም።

ስለዚህ የእኔ አስተያየት እንዲህ ነው። በጅምላ መከልከል መፍትሔ አይሆንም። በሰኔ 2011 ዓ.ም. የአዲስ አበባ አስተዳደር በሞተር ብስክሌት የሚፈጸም ወንጀል ስለበዛ እገዳ በጣለ ጊዜ ሌባው ብቻ ሳይሆን በሞተር እንጀራውን የሚያገኘውም ተጎድቷል። በሌላ በኩል በጅምላ መፍቀድም ደካማውን ከመንገድ ያስወጣዋል። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በአዲስ አበባ የተጀመረው፣ በተወሰነ ቀን ጎዳና ለመኪና ተዘግቶ ለእግረኛ የሚለቀቅበት ፕሮግራም «መንገድ ለሰው» ነበር የተባለው። ስሙ ራሱ መልሱን ይዟል። ፔዳል ሲመታ ብቻ የሚያግዘው ብስክሌት ይግባ፤ ያለ ፔዳል የሚነዳው በሞተር መንገድ ይሂድ። ፍጥነቱን ደግሞ የሚወስነው የባትሪው አቅም ሳይሆን በመንገዱ ላይ ያለው የመጨረሻው ዘገምተኛ ሰው ይሁን።

ይህ በሐርጌሳም ይሠራል። እዚህ በአንድ አቧራማ መንገድ ላይ መኪና፣ ባጃጅ፣ ውሃ የሚያመላልስ የአህያ ጋሪና ደብተር የያዘ ሕፃን አብረው ይሄዳሉ። ከመኪኖቹ ብዙዎቹ መሪያቸው በቀኝ ሆኖ በቀኝ መስመር ስለሚነዱ፣ ሾፌሩ ሊያልፍ ሲወጣ ከፊቱ ያለው ቶሎ አይታየውም። ስለዚህ ወላጆች፣ ትንንሾቹን ብቻቸውን አትልቀቁ፤ ከታላላቆቻቸው ጋር በቡድን ይሂዱ። ብስክሌት ያላችሁ ወጣቶችም ከትምህርት ቤት መውጫ ሰዓት ላይ ወርዳችሁ እየገፋችሁ እለፉ። «የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ» ይባላል፤ በመንገድ ላይ የፈሰሰ ግን ሁልጊዜ አይለቀምም።

እኛ ስደተኞች «ይህ መንገድ ለአንተ አይደለም» መባል ምን እንደሆነ እናውቃለን። ስለዚህ ማንንም በስሙ ወይም በያዘው ዕቃ ብቻ ከመንገድ ለማስወጣት አንቸኩል። ማለፍ የተፈቀደለት ሰው ደግሞ ከእርሱ በፊት በመንገዱ ላይ የነበረውን ያክብር። በሰው አገር መኖራችንም ይህንኑ ያስተምረናል።

ተማሪዎች ሆይ፣ በዚህ የማትስማሙ ካላችሁ ምክንያታችሁን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ አምጡ፤ በሚቀጥለው የክርክር ሰዓት እናነበዋለን።

በሰላም ግቡ፤ በሰላም ውጡ።

ከበጎ ፈቃደኛ መምህራችሁ