የአገዳ እህልንና ጥራጥሬን አሰባጥሮ ስለ መዝራት

በምሥራቅና በምዕራብ ሐረርጌ በሚገኙ ብዙ ማሳዎች ውስጥ፣ በማሽላውና በበቆሎው አገዳ ሥር ቦሎቄ ተዘርቶ ይታያል። አንድ ዓይነት ሰብል በመስመር ተዘርቶ ማየት የለመደ ሰው ይህን ሲመለከት «የተዝረከረከ እርሻ ነው» ይል ይሆናል። ይህ የችኮላ ፍርድ ነው። ገበሬው ሁለቱን ያሰባጠረው ባለማወቅ ሳይሆን መሬቱ ስለ ጠበበው ነው። ግማሽ ሄክታር እንኳ የማይሞላ መሬት ያለው ቤተሰብ፣ አንዱን ማሳ ለበቆሎ፣ ሌላውን ለቦሎቄ ልመድብ ቢል ሌላውን ማሳ ከየት ያመጣል?

ነገሩን በስሌት እንመልከተው። በ1 ሄክታር መሬት ላይ በቆሎ ብቻ ቢዘራ 20 ኩንታል፣ ቦሎቄ ብቻ ቢዘራ ደግሞ 10 ኩንታል ይገኛል እንበል። ሁለቱ በአንድነት ተዘርተው በቆሎው 17፣ ቦሎቄው 4 ኩንታል ቢሰጡ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ከሚሰጠው ማነሱ እርግጥ ነው። ይሁን እንጂ ይህንኑ ምርት ለየብቻ ዘርቶ ለማግኘት 1 ሄክታር ከሩብ መሬት ባስፈለገ ነበር።

ከኩንታሉም ይልቅ ጊዜው ሊታሰብ ይገባል። በሚያዝያ የተዘራ፣ ዘግይቶ የሚደርስ ማሽላ እስከ ኅዳር ድረስ አይታጨድም። ቦሎቄ ግን በ3 ወር ያህል ስለሚደርስ፣ ጎተራው በሚራቆትበት በክረምት ለቤተሰቡ ቀለብ ይሆናል። የምግብነቱም ጉዳይ አለ። በ100 ግራም በቆሎ ውስጥ 9 ግራም ያህል ፕሮቲን ሲገኝ፣ በዚያው መጠን ደረቅ ቦሎቄ ውስጥ 22 ግራም ገደማ ይገኛል። ሁለቱን ቀላቅለው ንፍሮ የሚቀቅሉ እናቶች የአንዱን ጉድለት በሌላው ሲሞሉ ኖረዋል።

በዚህ ረገድ ግን አንድ የተጋነነ አባባል መታረም አለበት። በጥራጥሬ ሥር እባጮች ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ሕዋሳት፣ በአየር ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ተክሉ ሊመገበው ወደሚችለው ዓይነት ይለውጡታል። ከዚህ በመነሣት «ቦሎቄ ጎረቤቱን በቆሎ ይመግባል» የሚሉ አሉ። ሆኖም በዚያው ወቅት ወደ በቆሎው የሚተላለፈው ጥቂት ነው፤ ቦሎቄም ከባቄላ ጋር ሲነጻጸር በዚህ ሥራ ደካማ ነው። መሬቱ ይበልጥ የሚጠቀመው ሥሩና ቅጠሉ በማሳው ላይ ቀርቶ ሲበሰብስ ነው። ገበሬው ግን ቦሎቄውን ከነሥሩ ነቅሎ ወደ አውድማ ይወስደዋል፤ ገለባውንም ከብት ይበላዋል። ስለዚህ ፍግ የማይመለስለት መሬት፣ ቦሎቄ ስለ ተዘራበት ብቻ ለምነቱ አይጠበቅም።

አሰባጥሮ መዝራት የራሱ ችግር እንዳለበትም አይካድም። ሐረግ የሚጥል ዝርያ በአገዳው ላይ ተጠምጥሞ ሊያጋድመው ይችላል። ተጠጋግቶ የተዘራም በዝናብ እጥረት ጊዜ እርጥበት ይሻማል። ቅጠለ ሰፊ አረምን የሚያጠፋ መድኃኒት ቢረጭ ቦሎቄውንም ስለሚፈጀው፣ አረሙን በእጅ ማረም ግድ ነው፤ ይህንንም ድካም ሴቶችና ልጆች ይጋሩታል።

በእኔ አስተያየት ግን ይህ ሁሉ የሚያመለክተው ልማዱን ማሻሻል እንጂ መተው እንደሚገባ አይደለም። በቆሎው በመስመር ቢዘራና በመስመሮቹ መካከል ሐረግ የማይጥል አጭር ቦሎቄ ቢገባ፣ ሽሚያውም የአረሙም ሥራ ይቀላል። ከገበሬው ይልቅ ዘር የሚያወጡት ሰዎች ሊያስቡበት የሚገባም ነገር አለ። አንድ የቦሎቄ ዝርያ ብቻውን ተዘርቶ ብዙ ምርት ስለ ሰጠ፣ በማሽላ ጥላ ሥርም እንዲሁ ይሰጣል ማለት አይቻልም። ስለዚህ አዲስ ዘር ለእነዚህ ገበሬዎች ከመታደሉ በፊት፣ በአገዳ እህል መካከል ተዘርቶ ሊፈተን ይገባል።